ነጭ ነጯን

«ነጭ ነጯን ልንገርህ ልጄ፤ እኛ ጋ ነጭ ቀለም የለም።»

ይህን ያሉኝ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ሲወረድ ካሉት ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች በአንዱ፣ ኦፍሴት ማሽን ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቡና ቆልተው ለሚሸጡ አንዲት እናት የከረጢት መለያ ሠርቼ ነበር፤ ቡናማ ክራፍት ወረቀት፣ ጥቁር ጀበና፣ ከሥሩ በነጭ የተጻፈ ስም። ኮምፒውተሬ ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቅ ነበር። ናሙናው ሲወጣ ጀበናዋ አለች፣ ስሙ የለም።

ኦፍሴት በተለምዶ የሚያትመው በአራት ቀለም ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ነጭ ከአራቱ ውስጥ የለም። ነጭ የምንለው ቀለም ሳይነካው የቀረውን ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ቡናማ ከሆነ «ነጩም» ቡናማ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ዲዛይነር አለ ወይ ብትሉኝ፣ አውቀው ነበር፤ ስክሪን ያስረሳል።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ ከስህተቴ ይልቅ የጋሼ አነጋገር ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው። «ነጭ ነጯን እንነጋገር» የሚለው ሰው ሳንሸፋፍን፣ ሳናድበሰብስ፣ ለሰሚ እንዲጥም ብለን ሳንቀባባ እናውራ ማለቱ ነው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ይባላል፤ የዕድር ገንዘብ ሲጎድልም ይባላል። «ሳንቀባባ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የዚህ አነጋገር ተቃራኒ ጥቁር ንግግር አይደለም፤ የተቀባባ ንግግር ነው። ቀለም የተለቀለቀበት።

አመጣጡን ለመረዳት ከሁሉ በፊት የቃሉን አሠራር ማየት ይበጃል። «ነጯን» ላይ የተቀጠለችው የሴት ምልክት «እቅጯን ንገረኝ»፣ «እውነቷን አውጣ» ስንል የምትመጣዋ ናት። ነጯ ማን ናት ቢባል እውነት ናት፤ ስሟ ሳይጠራ መልኳ ብቻ ተጠራ። ቃሉ መደገሙስ? አማርኛ ቅጽልን እንዲህ የሚደግመው ብዙ ጊዜ ሲመርጥ ነው። «ትልቅ ትልቁን አምጣ»፣ «ጥሩ ጥሩውን ለይ» እንላለን። ይህ የገበያና የለቀማ ቋንቋ ነው። ሰፌድ ይዛ ምስር የምትለቅም ሴት፣ ነጭ ጤፍን ከሠርገኛው የሚለይ ነጋዴ እንዲህ ይናገራሉ። ስለዚህ እኔ አነጋገሩን ስሰማ የሚታየኝ ሰፌድ ነው፤ ከተደባለቀው ወሬ መካከል ነጭ ነጯ እየተለቀመች። ሠርገኛ ጤፍ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት እንደሆነ ለሚያውቅ፣ ሠርገኛ ወሬ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር ይመጣል። እውነት ነጭ ከሆነች «ነጭ ውሸት» ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ነጭ ውሸት የሚባለው ሰው እንዳይከፋው የሚነገር፣ ጉዳት የሌለው ውሸት ነው። የእኛው ግን ዓይን ያወጣ፣ ማፈሪያ የሌለው ውሸት ነው። ፊልም እየተረጎመ «ነጭ ውሸት ነው የዋሸሁሽ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀውን ገጸ ባሕርይ ቀጣፊ አድርጎት ያርፋል።

መልሱን ያገኘሁት ከድህነት ነው። «የነጣ ድሃ» እንላለን፤ ምንም የሌለው፣ ምንም የማይሸፍነው። በዚህ አነጋገር ነጭ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም፤ ያልተሸፈነ ማለት ነው። የነጣ ድሃ፣ ነጭ ውሸት፣ ነጭ ነጯ፦ ሦስቱም የተገለጡ ናቸው። ውሸቱ ነጭ የተባለው መልካም ስለሆነ ሳይሆን መደበቂያ እንኳ ስላልፈለገ ነው። ጋሼም «ነጭ ቀለም የለም» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነበር፤ ነጩ ያልተሸፈነው ወረቀት ነው።

ደንበኛዬ መጀመሪያ ሲመጡ ልጃቸው ስልክ ላይ ያገኘችውን ሰንጠረዥ አሳይተውኝ ነበር። ቀይ ፍቅርና ቁጣ፣ ሰማያዊ መታመን፣ ጥቁር ሐዘን፣ ነጭ ንጽሕና። «የኔ ቡና ንጹሕ ስለሆነ ነጭ ይሁን» አሉ። ሰንጠረዡ ውሸት አይደለም፤ የሌላ ቤት ሰንጠረዥ ነው። ጥቁርን ብንወስድ፣ ቤታችንን ረግጦ የማያውቀውን ሰው «ጥቁር እንግዳ» ብለን ምርጡን መቀመጫ የምንለቅለት እኛ ነን። የንጽሕናውን ስሜት ደግሞ አማርኛ ለነጭ ብቻ አልተወለትም፤ ከግዕዝ «ጸዓዳ»ን ተውሷል። ጸዓዳ ልብስ ሲባል ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል። ጸዓዳ ውሸት ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞም ነጭ ብቻውን ስሜት አይሸከምም። እሑድ ጠዋት ፒያሳ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆማችሁ ነጠላ የለበሱትን ተመልከቱ። ለኪዳን የመጣችውም፣ ከቀብር የተመለሰችውም ነጭ ነው የለበሱት። ያዘነችዋን የምትለዩት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ ስለለበሰች ነው። ቀለሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ጥለቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ስለ አቀማመጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሰጠኝ የለም፣ ለኮርስ የከፈልኩትን ጨምሮ።

ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ ነጭን በዝምታ መስሎታል፤ የሞተ ዝምታ ሳይሆን ገና ብዙ ሊወለድበት የሚችል። ዲዛይነሮችም «ኋይት ስፔስ» የምንለው ባዶ የተተወውን ቦታ ነው፤ መደቡ ቀይ ቢሆን እንኳ ስሙ ያው ነው። የእኛ «ነጭ» ለዚህ ትርጉም ሩቅ አይደለም።

ለመለያው ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው ክራፍቱን ይዞ ስክሪን ፕሪንት ቤት፣ ማለትም ቀለም በወንፊት ጨርቅ ተገፍቶ የሚታተምበት ቤት፣ መሄድ ነው፤ እዚያ ወፍራም ነጭ ቀለም አለ፣ ከላይ ይለጠፋል። ጋሼ ግን ሌላ አሉ፤ ነጭ ወረቀት አምጣ፣ ዙሪያውን ሁሉ ቡናማ እናትም፣ ፊደሉን ሳንነካው እንለፈው። እንዲያ አደረግን። ስሙ ከቡናማው መሃል ራሱ ወጣ።

ደንበኛዬ መለያውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሁለት ጊዜ አገላበጡት፤ በጣታቸውም ፊደሉን ዳሰሱት።

«አምሯል» አሉ። «አሁን ዋጋውን ነጭ ነጯን ንገሩኝ።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ እኔ ዞሩ።