«ራስን ችሎ መኖር» ምንድን ነው? ብቻን መኖርማ አይደለም

«አካል ጉዳተኛው ራሱን ችሎ የሚኖር ከሆነ መንግሥት ለምን ረዳት ይከፍልለታል? ረዳት ካስፈለገው ደግሞ ራሱን የቻለው ምኑ ላይ ነው?»

ይቺን ጥያቄ ሰሞኑን አንድ ሰው ትልቅ ነገር የያዘ መስሎት ጽፏት አየሁ። ስዊድን ውስጥ የአካል ጉዳተኞችን የረዳት ሰዓት በማስተባበር ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። ከሐበሻ አፍ ስሰማት ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። እሺ፣ ዛሬ ይውጣልኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጥፋቱ ግማሹ የቃሉ ነው። እኛ ጋ «ራሱን ቻለ» ሲባል ሥራ ያዘ፣ ቤት ተከራየ፣ የሰው እጅ ማየት አቆመ ማለት ነው። አካል ጉዳተኞቹ ግን ይህን ስም ሲያወጡ ስለ ጉልበት አልነበረም የሚያወሩት። ራስን ችሎ የመኖር ንቅናቄ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ሰው ነበር። በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያደረው ከተማሪዎች ጋር ሳይሆን የግቢው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሌሊት የሚተነፍሰው ትልቅ በርሜል በሚመስል ማሽን ውስጥ ተኝቶ ነበርና። አያችሁ አይደል? ራስን ችሎ መኖር ምን እንደሆነ ለዓለም ያስተማረው ያለ ማሽን ማደር የማይችል ሰው ነው።

ለእሱና ለጓደኞቹ ነገሩ ውሳኔ ነው። ስንት ሰዓት እነሣለሁ? ማን ያጥበኛል? ከማን ጋር እኖራለሁ? አጣቢውማ ሌላ ሰው ይሁን፣ ምን ችግር አለው።

ሹፌር ያለው ሚኒስትር አስቡ። መሪውን የያዘው ሹፌሩ ነው። ሚኒስትሩ ምናልባት መንጃ ፈቃድም የለው ይሆናል። ግን «ሰውዬው ራሱን አልቻለም» የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናው ቦሌ የሚሄደው እሱ ቦሌ ስላለ ነው። አሁን ደግሞ ሹፌሩን ሌላ ቢሮ ይመድብለት እንበል። ማክሰኞ አንዱ ይመጣል፣ ረቡዕ ሌላው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ማንም የለም። ሐኪም ቤት ይወስዱታል፣ ለቅሶ ቤት ልሂድ ሲል ግን «እሱ ዝርዝሩ ላይ የለም» ይሉታል። መኪናው ያው ነው፣ ቤንዚኑንም ያው መንግሥት ከፍሏል፤ ሰውዬው ግን ጭነት ሆኗል። ምሳሌዬ የሚያንከስበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፦ ሹፌር ሽንት ቤት ድረስ አብሮ አይገባም። ረዳት ይገባል። እንግዲህ ሹፌሩን መምረጥ ካስፈለገ፣ ይሄኛውንማ!

ገንዘቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ በዊልቸር የሚሄደው አዶልፍ ራትስካ ሐሳቡን ከአሜሪካ ይዞ መጥቶ በ1984 ከሌሎች ጋር የረዳት ተጠቃሚዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተ። በ1994 ደግሞ የግል ረዳት በሕግ መብት ሆነ። መሠረታዊ ፍላጎትህ፣ ማለትም መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መግባባት፣ መተንፈስ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ረዳት የሚጠይቅ ከሆነ የሚከፍለው የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና ነው። ከዚያ ካነሰ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር። ረዳቱን አንተው ትቀጥራለህ፣ ወይም በማኅበር፣ በኩባንያ፣ በኮሙን በኩል ታስቀጥራለህ። የኪስ ገንዘብ አይደለም። ሰዓቱ ይመዘገባል፣ የተረፈው ይመለሳል። በእርጅና ለመጣ ድካም ይህ ሕግ አያገለግልም፣ ስለዚህ «እናቴ 78 ዓመቷ ነው» ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ፣ እሱ ሌላ ሕግ ነው።

ያቺ 20 ሰዓት ግን ጉድ ናት። አንድ ጊዜ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት ወጣት ሲገመገም አብሬ ተቀምጬ ነበር። ምግብ ወደ አፍ ማድረስ ይቆጠራል፣ ማብሰል አይቆጠርም። ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ጠየቀች፦ «እንጀራውን መቁረሱና ወጡን መጠቅለሉስ? ዝግጅት ነው ወይስ መብላት?» እናቱ በአማርኛ «ጉርሻ ነዋ!» አሉ። እስቲ ጉርሻን ወደ ስዊድንኛ መልሱልኝ። ሁላችንም ሳቅን። ግን በቀን ሦስቴ፣ በሳምንት ሰባት ቀን ስትደምሩት ልጁ ከመስመሩ ወዲህ ይቅር ወይስ ይለፍ የሚለውን የሚወስኑት እነዚያ ደቂቃዎች ናቸው። በ2009 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሚባለው በጣም የግል የሆነው እርዳታ ብቻ ነው ካለ ወዲህ ቆጠራው ጠብቋል። ከ2010ዎቹ አጋማሽ በኋላም ከመንግሥት ይህን ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ከ16 ሺህ ገደማ ወደ 14 ሺህ ገደማ ወርዷል። ብሪታንያም ከ1988 ጀምሮ ለዚሁ የነበራትን ፈንድ በ2015 ዘግታዋለች፤ ስኮትላንድ የራሷን አቋቋመች። መብት ተብሎ የተጻፈ ሁሉ በጀት ሲጠብ አብሮ ይጠባል።

«ኢትዮጵያስ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይላል። አገሪቱ በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አንቀጽ 19 ላይ የግል ረዳትን በስሙ ይጠራዋል። ብዙ ሰው ከዚህ ጋር የሚያምታታው የሴፍቲኔቱን ቀጥታ ድጋፍ ነው። እሱ መሥራት ለማይችል ቤተሰብ የሚሰጥ የቀለብ ድጎማ ነው፣ ረዳት አይቀጥርም። እዚያ ረዳቷ እናት ናት፣ እህት ናት፣ ከትምህርት የቀረች ልጅ ናት። የእሷን ሰዓት የሚመዘግብ የለም።

ያ የጉርሻው ልጅ አሁን የራሱ አፓርታማ አለው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለወረቀት ጉዳይ ሄጄ እናቱም መጡ። ልጁ ገና አልጋ ላይ ነው። ረዳቱን «እስካሁን አላነሣኸውም እንዴ? ምን ልትሠራ ነው የሚከፈልህ?» ብለው ተቆጡት። እሱ ወደ ልጁ ዞር አለ። ልጁ «ትንሽ ልተኛ» አለ። ረዳቱ መጋረጃውን መልሶ ዘጋው። እናቱ እየተነጫነጩ ወጥ ቤት ገብተው ቡና መቁላት ጀመሩ። ሽታው ሲደርሰው ነው «በቃ፣ አንሣኝ» ያለው።