«ላሆርን ያላየ ገና አልተወለደም»

የህንድ ፊልም ወዳጅ ከሆናችሁ ቪር-ዛራን ሳታዩት አልቀራችሁም። ሻሩክ ካን ፀጉሩ ሸብቶ፣ አንደበቱ ተዘግቶ፣ ፓኪስታን እስር ቤት ውስጥ የሚታይበት ፊልም ነው። ስለሱ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ፍቅሩና እንባው ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ከፊልሙ ጀርባ ስላለ፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ስላለችው ስለ ላሆር ከተማ የሚነገር አንድ የፑንጃቦች አባባል ነው። ፑንጃብ ዛሬ ህንድና ፓኪስታን የተካፈሏት ምድር ናት።

አባባሉ በፑንጃቢ «ጂኔ ላሆር ናይ ቬክያ፣ ኦ ጀምያ ኢ ናይ» ይላል። ላሆርን ያላየ አልተወለደም፣ ነው ነገሩ። አጠር ያለ ወንድምም አለው፦ «ላሆር ላሆር ኤ»። ላሆር ላሆር ናት። ከየትኛው ከተማ ጋር ታወዳድራታለህ ለሚል ሰው በዚህኛው አፉን ያስይዙታል።

መነሻው ጉራ ነው። ግን መሠረት ያለው ጉራ። እስከ 1947 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፑንጃብ አንድ ነበረች፣ ዋና ከተማዋም ላሆር። ህንድን የገዙት ሙስሊም ነገሥታት ሙጋሎቹ ምሽጉን፣ የሻሊማርን የአትክልት ሥፍራና ባድሻሂ መስጊድን ሠርተውባታል። በ1799 የሲክ ሃይማኖት ተከታዩ ራንጂት ሲንግ ያዛትና የሲክ መንግሥቱ መናገሻ አደረጋት። እንግሊዞች ደግሞ ሲመጡ ኮሌጁንና ከፍተኛ ፍርድ ቤቱን ጨመሩ። የገጠር ሰው የመሬት ክርክሩ ይግባኝ ሲደርስ ላሆር ይሄዳል። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ከሆነ ላሆር ይልከዋል። ሰርግ ከደረሰና አቅም ካለው ልብሱን ከአናርካሊ ገበያ ይገዛል። አይቶ የመጣ ሰው ደግሞ መንደሩ ውስጥ ወሬው መቼ ያልቃል? ያልሄደውን «አንተ ዝም በል፣ ገና አልተወለድክም» ይለዋል። ቀልድ ነው፣ ግን ትንሽ ይቆነጥጣል።

ከዚያ 1947 መጣ፤ እንግሊዞች ሲወጡ አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ተከፈለ። ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ፣ ከዚያ በፊት ህንድን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ፑንጃብን ለሁለት ከፈላት። ላሆር ለፓኪስታን፣ አምሪትሳር ለህንድ ደረሰች። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንደማለት። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወዲህና ወዲያ ተሰደደ። ሙስሊሙ ወደ ምዕራብ፣ ሂንዱውና ሲኩ ወደ ምሥራቅ። መንገድ ላይ ያለቀው ሰው ብዛት እስከዛሬ ያከራክራል።

ስደተኞቹ አባባሉን ይዘውት ሄዱ። ትርጉሙ የተገለበጠውም ያኔ ነው። ድሮ «ሂድና እይ» ማለት ነበር። ዴሊና ሉዲያና ውስጥ በሰው ግቢ ተጠልሎ የሚናገረው ሰው አፍ ላይ ግን «ልጄ፣ አንተ እንኳ አታያትም» ሆነ። ቃሉ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልተነካም። ፉከራው ግን እንጉርጉሮ ሆነ። እኛ «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንላለን። ይህ ተረት እነዚያ ቤቶች ውስጥ አልሠራም። ልጆቹ የላሆርን ሠፈሮችና በሮች በስም እየጠሩ አድገዋል፣ አንዱንም አልረገጡትም።

አስጋር ዋጃሃት የተባለው የሂንዲ ጸሐፊ አባባሉን እንዳለ የቴአትሩ ርዕስ አድርጎታል። ከህንዷ ሉክናው የተሰደደ ሙስሊም ቤተሰብ ላሆር ውስጥ ትልቅ ቤት ይሰጠዋል። ሲገቡ አንዲት ሂንዱ አሮጊት ፎቅ ላይ አሉ። ቤቱ የሳቸው ነው፣ ንቅንቅ አልልም ብለዋል። መጀመሪያ ጠብ ይሆናል። ቆይቶ እኚህ ሴት የቤቱም የሠፈሩም እናት ይሆናሉ። ለላሆር ተወላጇ ላሆርን መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ አባባል የተሻለ ርዕስ አይገኝም ነበር።

ወደ ቪር-ዛራ እንምጣ። ዳይሬክተሩ ያሽ ቾፕራ በ1932 የተወለደው እዚያው ላሆር ነው። እንግዲህ እሱ በአባባሉ ሕግ ሁለቴ የተወለደ ሰው ነው። የቦምቤይ ሲኒማ እንደሱ ዓይነት ሰው ሞልቶት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቢ.አር. ቾፕራ ላሆር ውስጥ የፊልም ጋዜጠኛ ነበር። ተዋናዩ ዴቭ አናንድ የላሆር ኮሌጅ ምሩቅ ነው፤ በ1999 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቫጃፓዪ በአውቶቡስ ድንበር ተሻግረው ላሆር ሲገቡ አብሯቸው ተሳፍሮ ሄዷል። ቾፕራ ፊልሙን ያወጣው በኅዳር 2004 ነው። ሁለቱ አገሮች ትንሽ የተስማሙበት፣ የህንድ ክሪኬት ቡድን ላሆር ሄዶ የተጫወተበት ዓመት ነበር።

የታሪኩ መነሻ አንዲት አሮጊት ናቸው። የላሆሯን ባለጸጋ ልጅ ዛራን (ፕሪቲ ዚንታ) ያሳደገቻት ሞግዚት ሲክ ነች፤ «ቤቤ» ትላታለች። ቤቤ ልትሞት ስትል አንድ ነገር ትለምናለች። አመዴን ኪራትፑር ወስደሽ ሱትለጅ ወንዝ ላይ በትኚልኝ። ኪራትፑር የሲኮች የአስከሬን አመድ የሚበተንበት ቅዱስ ቦታ ነው፣ ህንድ ውስጥ። ዛራ ለቤተሰቧ ሳትናገር አመዱን ይዛ ድንበር ትሻገራለች። አውቶቡሷ ገደል ይገባል፣ ቪር የተባለው የህንድ አየር ኃይል መኮንን ያወጣታል፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ልብ በሉ፣ አባባሉ እዚህ ጋ ዞሯል። ሌላኛውን ወገን ማየት ያለባት ላሆር ተወልዳ ያደገችው ናት። ቪር ማሳውን፣ ወንዙን፣ ሴቶቹን እያሳየ አገሬ እንዲህ ናት ብሎ ሲዘፍንላት፣ መጨረሻ ላይ የአንተ አገር እንደሆነችው የኔም እንደዚያው ናት ብላ ትመልስለታለች። ከፊልሙ ዘፈን ሁሉ የምወደው ይህንን መልስ ነው። የዘፈኖቹ ዜማ ራሱ ከሞተ ሰው የተወረሰ ነው፤ በ1975 የሞተው ማዳን ሞሃን ሳይጠቀምባቸው ትቷቸው የነበሩትን ልጁ አውጥቶ አደሳቸው።

መንደሩ ሲደርሱ ሎህሪ ነው። ሎህሪ በጥር አጋማሽ አካባቢ፣ ብርዱ ሲበረታ የሚከበር የፑንጃብ በዓል ነው። ደመራ የመሰለ እሳት ይነዳል። ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻና የሸንኮራ ጥቁር ስኳር እሳቱ ላይ ይወረውራሉ፣ የተረፈውን ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ፊልሙ ውስጥ አሚታብ ባቻንና ሄማ ማሊኒ የመንደሩ አባትና እናት ሆነው እንደ ወጣት ሲቀላለዱ ታያላችሁ። ደስ ይላል።

የሚቆጨኝም እዚሁ ላይ ነው። በእውነተኛው ሎህሪ ልጆች በር እያንኳኩ የሚዘፍኑት የቆየ ዘፈን አለ። የሚያወድሰው ዱላ ባቲን ነው። ዱላ ባቲ በንጉሥ አክባር ዘመን በሙጋሎች ላይ የሸፈተ ሙስሊም ፑንጃቢ ነው። ሊጠለፉ የነበሩ ድሀ ሴት ልጆችን አድኖ፣ እንደ አባት ሆኖ ዳራቸው ይባላል። ይዘው የሰቀሉት ላሆር ነው። መቃብሩም ላሆር፣ ሚያኒ ሳሂብ የተባለው መካነ መቃብር ነው። እስከዛሬ የህንድ ሲክና ሂንዱ ልጆች በየዓመቱ ላሆር የተቀበረውን ሙስሊም ሽፍታ እየዘፈኑ ኦቾሎኒና ጣፋጭ ይሰበስባሉ። ድንበር ስለሚሻገር ፍቅር ፊልም የሚሠራ ሰው ይህንን እንዴት ያልፈዋል? ቾፕራ አለፈው።

ሌላም አለ። ፊልሙ ውስጥ ፑንጃብ ያለችው በህንድ በኩል ብቻ ነው። ቢጫው የሰናፍጭ ማሳ፣ ጭፈራው፣ ቀልደኛው ሽማግሌ፣ ሁሉም እዚያ። ላሆር ስንሄድ የምናየው ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት፣ የተጣራ ኡርዱ (የፓኪስታን ብሔራዊ ቋንቋ)፣ ለሥልጣን ሲባል የታጨች ሙሽራ ነው። የላሆር ሀብታሞች ኡርዱ ማውራታቸው ሐሰት አይደለም። ግን የላሆር መንገድ የሚያወራው ፑንጃቢ ነው። ጽሕፈቱ ብቻ ይለያል፦ በህንድ ጉርሙኪ፣ በፓኪስታን ሻህሙኪ በሚባለው ፊደል ይጻፋል። ከዛራ ቤት ፑንጃብ ፑንጃብ የምትሸተው ቤቤ ብቻ ነበረች፤ እሷም ፊልሙ ሳይጀመር ሞተች ማለት ይቻላል። «ያላየ አልተወለደም» የተባለላት ላሆር ያቺ ጫጫታዋ ከተማ ናት፣ የሚኒስትሮች ሳሎን አይደለም።

ፊልሙ ይህንን ጉድለት የሚክሰው እስር ቤት ውስጥ ነው። ቪር በሐሰት ሰላይ ተብሎ 22 ዓመት ይታሰራል። የዛራ ስም እንዳይጎድፍ ብሎ አንድ ቃል አይተነፍስም። የእስረኛ ቁጥሩ 786 ነው፤ የህንድና የፓኪስታን ሙስሊሞች ቢስሚላህን የሚያስቡበት ቁጥር፣ ጠባቂው በዚህ ምክንያት ያከብረዋል። ጠበቃዋ (ራኒ ሙከርጂ) ካስፈታችው በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ግጥም ያነባል። ከዚህ አፈር የአባቴ ማሳ ሽታ ይመጣል፣ ይላል። የላሆር አፈር ማለቱ ነው። ላሆርን በእስር ቤት ፍርግርግ አይቶ፣ ከሳሎኑ ሰዎች የበለጠ ያወቃት እሱ ሆነ።

ላሆሮች ይህንን ፊልም ሲኒማ ቤት ገብተው አላዩትም። ከ1965ቱ ጦርነት በኋላ የህንድ ፊልም በፓኪስታን ሲኒማ ቤቶች ታግዶ ነበር። በኮፒ ዲቪዲ ግን ማን ያስቀራቸዋል።

አባባሉ ዛሬም አልሞተም። የላሆር ሰው ከካናዳ ወይም ከእንግሊዝ ለመጣ ሲክ ይለዋል፣ እየሳቀ፦ እንኳን ደስ አለህ፣ ተወለድክ! ከህንድ ለመጣ ሰው ግን ነገሩ ይከብዳል። በኅዳር 2019 የካርታርፑር መተላለፊያ ሲከፈት የህንድ ሲኮች ያለ ቪዛ ፓኪስታን ገብተው፣ የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረበት ቦታ ጸልየው መመለስ ጀመሩ። በዚያው ቀን መመለስ ግዴታ ነበር፣ ከቤተ ጸሎቱ ግቢ ማለፍም አይቻልም ነበር። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትቀራቸውም ላሆርን ሳያዩ ይመለሱ ነበር። በ2025 ሚያዝያና ግንቦት ሁለቱ አገሮች እንደገና ሲጋጩ ህንድ በአምሪትሳርና በላሆር መካከል ያለውን የአታሪን የድንበር በርም፣ የካርታርፑርንም መንገድ ዘጋች።