በባዕድ አገር እየኖሩ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ማውጣት

በባዕድ አገር የሚኖር ሰው የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ የሚያገኘው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው፤ ወይ ከአገሩ ይዞት የመጣውን ፈቃድ ያስለውጣል፣ ወይ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከመለማመጃ ፈቃድ ተነሥቶ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይወስዳል። የትኛው መንገድ እንደሚደርሰው የሚወስነው በአብዛኛው የራሱ ችሎታ ሳይሆን ፈቃዱን የሰጠው አገርና አሁን የሚኖርበት አገር እርስ በርስ ያላቸው ስምምነት ነው። ሃያ ዓመት ሞተር ላይ የዋለ ሰው ከአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ጎን ተቀምጦ የመንገድ ምልክቶችን ሊፈተን ይችላል። ይህን እንደ ንቀት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሰውየው መንዳት መቻል አለመቻሉን ሳይሆን የት እንደሚኖርና ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ነው።

ጎብኚና ነዋሪ

በጉዳዩ ላይ ያለው ግራ መጋባት በአመዛኙ የሚመነጨው ጎብኚና ነዋሪ በሕግ ፊት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ስለሚዘነጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ በኋላም በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ስምምነት፣ ፈራሚ አገሮች አንዳቸው የሌላውን መንጃ ፈቃድ እንዲቀበሉ ያስገድዳሉ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ተብሎ የሚታወቀው ግራጫ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተርም የተወለደው ከእነዚህ ስምምነቶች ነው። ይሁን እንጂ የቪየናው ስምምነት አንቀጽ 41 መደበኛ መኖሪያውን ወደ አገራቸው ያዛወረን ሰው ፈቃድ የመቀበል ግዴታ እንደሌለባቸው ለፈራሚዎቹ በግልጽ ይነግራቸዋል። ስለዚህ ያው ደብተር፣ በያው ሰው እጅ፣ ሰውየው ጎብኚ ሳለ የሚሠራ ሲሆን ነዋሪ ከሆነ በኋላ ግን ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ደብተሩ ራሱ ስሙ የሚያስመስለውን ያህል ትልቅ ሰነድ አይደለም። የአገር ቤቱ ፈቃድ በተለያዩ ቋንቋዎች የተተረጎመበት ማስረጃ ከመሆን አያልፍም፤ ዋናው ፈቃድ አብሮት ካልተያዘም ብቻውን አያስነዳም። በ1949ኙ ስምምነት መሠረት የተሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በ1968ቱ የተሰጠው ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ያም ሆኖ ከዋናው ፈቃድ ዕድሜ አያልፍም። ውስጡ ሲገለጥ የተሽከርካሪ ዓይነቶች በፊደል ተዘርዝረው ለእያንዳንዱ የማኅተም ቦታ ተትቶለታል፤ ሞተር ሳይክል በ«ኤ» ረድፍ፣ የቤት መኪና በ«ቢ» ረድፍ። ደብተሩን የሚቀበለው የትራፊክ ፖሊስ ዓይኑን የሚጥለው ከፎቶግራፉ ቀጥሎ በዚህ ገጽ ላይ ነው። የመኪና ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው «ቢ» ላይ ማኅተም ተመትቶለት «ኤ» ባዶ ይቀራል፤ ባዶ በሆነ ረድፍ ሞተር መንዳት ያለ ፈቃድ ከመንዳት አይለይም።

ሁለቱ ስምምነቶች የተለያየ አባል ያላቸው መሆኑም ሌላ ወጥመድ ነው። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ደብተር ብቻ ነው፤ የጀርመንና የስዊዘርላንድ ፈቃድ የያዙ ሰዎች ጃፓን ውስጥ የሚነዱት በዚሁ ምክንያት በደብተር ሳይሆን በታወቀ አካል በተዘጋጀ የጃፓንኛ ትርጉም ነው። ቬትናም በተቃራኒው የ1968ቱን ትቀበላለች፤ በዚህም የተነሣ የ1949ኙን ብቻ የምትሰጠው የአሜሪካ ደብተር እዚያ አይሠራም። የዋናው ቻይና ምድር ከናካቴው ዓለም አቀፉን ደብተር አይቀበልም። ከኢንተርኔት በክፍያ የሚገዙና ደብተሩን የሚመስሉ ካርዶችም ከማስታወሻ ዕቃነት የማያልፉ መሆናቸውን እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው።

ነዋሪነት የሚቆጠርበት ቀን

አንድ ሰው ከጎብኚነት ወደ ነዋሪነት የሚሻገርበትን ቀን እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ ይቆጥራል። በአውሮፓ ኅብረት አንድ ሰው በዓመት ቢያንስ 185 ቀን የሚያሳልፍበት አገር መደበኛ መኖሪያው እንደሆነ ይወሰዳል፤ አዲስ ፈቃድ የሚሰጠውም በዚያው አገር ብቻ ነው። ጀርመን ከኅብረቱ ውጭ በተሰጠ ፈቃድ መንዳትን ነዋሪነት ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ለስድስት ወር ትፈቅዳለች፤ ብሪታንያ ለአሥራ ሁለት ወር። በጃፓን ዓለም አቀፉ ደብተር አገሪቱ ከተገባበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይሠራል። ሆኖም በነዋሪነት የተመዘገበ ሰው ከአገሪቱ ወጥቶ ሦስት ወር ሳይሞላው ቢመለስ ቆጠራው ከአዲሱ መግቢያ አይጀምርም፤ ለቅዳሜና እሑድ ጎረቤት አገር ደርሶ አዲስ ደብተር ይዞ በመመለስ ዓመታትን መግፋት ይቻል የነበረበት ቀዳዳ በዚህ ተደፍኗል።

መለወጥ

ስምምነት ባላቸው አገሮች መካከል ልውውጡ ከቢሮ ሥራ አያልፍም፤ ማመልከቻ፣ የመኖሪያ ማረጋገጫ፣ የዓይን ምርመራ ውጤት፣ የተረጋገጠ ትርጉም፣ ክፍያ። ስምምነት በሌለበት ግን ከፊሉ ወይም ሁሉም ፈተና ይመጣል። የጀርመን ሕግ ለእነዚህ ሰዎች መካከለኛ መንገድ ይሰጣል፤ የውጭ ፈቃዱ የጸና ከሆነ ሁለቱንም ፈተናዎች ይወስዳሉ እንጂ ለጀማሪ የተደነገገውን የሥልጠና ሰዓት እንዲጨርሱ አይገደዱም። ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም፤ ጀማሪ ከመደበኛው ልምምድ በላይ አምስት የገጠር መንገድ፣ አራት የፈጣን መንገድና ሦስት የሌሊት ጉዞ ትምህርቶችን የመጨረስ ግዴታ አለበትና። ያም ሆኖ ፈተናው የሚሰጠው በማሠልጠኛ ሞተርና በአሠልጣኝ አጀብ በመሆኑ ከማሠልጠኛ ደጃፍ ፈጽሞ መራቅ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከፈተናው ይልቅ በቀኖች ላይ ነው። ጃፓን ፈቃድ ለመለወጥ የሚያመለክት ሰው ፈቃዱን ካወጣ በኋላ በሰጠው አገር በድምሩ ቢያንስ ሦስት ወር መኖሩን እንዲያስረዳ ትጠይቃለች። በቅርቡ የታደሰ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የእድሳቱን ቀን እንጂ መጀመሪያ የወጣበትን ስለማያሳይ፣ የአሥር ዓመት ነጂ በወረቀቱ ሲታይ የአንድ ወር ጀማሪ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የወጣበትን ቀንና የተሽከርካሪውን ምድብ የሚገልጽ ደብዳቤ ማስጻፍ፣ የመውጫና የመግቢያ ማኅተም ያለባቸውን አሮጌ ፓስፖርቶችም አለመጣል ነው። ስም በፓስፖርቱና በፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ከሰፈረም ይኸው ደብዳቤ ሁለቱን ማስታረቅ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ከአገር ሳይወጡ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሲሆን ከውጭ ሆኖ ሲጠየቅ ግን ወራት ይበላል። በጃፓን የዕውቀት ፈተናውም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ወዲህ ከ10 ጥያቄ ወደ 50 ከፍ ብሏል፤ ማለፊያውም ከመቶ 70 ወደ 90 ተሸጋግሯል።

ምድቦች

መኪና ለሚነዳ ሰው ፈቃድ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለሞተረኛ ግን በደረጃ የተከፋፈለ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ አራት ደረጃዎችን አስቀምጧል። «ኤኤም» በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር ለማይበልጡ፣ «ኤ1» እስከ 125 ሲሲ (የሞተሩ ይዘት) እና 11 ኪሎዋት (የሞተሩ ጉልበት) ላላቸው፣ «ኤ2» እስከ 35 ኪሎዋት ለሚደርሱ፣ «ኤ» ደግሞ ገደብ ለሌላቸው ሞተሮች ነው። የመጨረሻውን በቀጥታ ለማውጣት ዕድሜ 24 መሙላት ያስፈልጋል፤ በ«ኤ2» ሁለት ዓመት ለቆየ ግን 20 ይበቃል። ጃፓን መስመሩን የምታሰምረው በ400 ሲሲ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን በ16 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ያለውን በ18 ዓመት ማውጣት ይቻላል። አውስትራሊያ ለጀማሪዎች የምትፈቅደው እስከ 660 ሲሲ ሆነው ኃይላቸው በቶን ከ150 ኪሎዋት ያልበለጠ ሞተሮችን ነው። በእነዚህ ልዩነቶች የተነሣ አንድ አገር ውስጥ «ሞተር ሳይክል» በሚል አንድ ቃል የተሰጠ ፈቃድ ሌላ አገር ሲደርስ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመኪና ፈቃድ ትንሽ ሞተር የመንዳት መብትም አለ፤ ነገር ግን ድንበር አይሻገርም። ጣሊያን የመኪና ፈቃድ ያለው ሰው 125 ሲሲ እንዲነዳ ትፈቅዳለች፤ ስፔን ፈቃዱ ሦስት ዓመት ከሞላው፣ ፈረንሳይ ደግሞ ሁለት ዓመት ሞልቶት የሰባት ሰዓት ሥልጠና ከተጨመረበት። መብቱ የሚሠራው በሰጠው አገር ክልል ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ ሮም ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ስኩተሩን ሲነዳ የቆየ ሰው የፈረንሳይን ድንበር ባለፈባት ቅጽበት ፈቃድ አልባ ይሆናል።

ፈተናው

የተግባር ፈተናው በየአገሩ ቢለያይም ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ ሞተሩን በዝግታ መቆጣጠርን፣ በፍጥነትም ድንገተኛ አደጋን ማምለጥን። የዋህ የሚመስለው ዝግታው ነው የሚጥለው። በጃፓን የፈተና ሜዳ ላይ 15 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ቀጭን ድልድይ አለች። መካከለኛ ሞተር የያዘ ተፈታኝ ቢያንስ በ7 ሰከንድ፣ ትልቅ ሞተር የያዘ ቢያንስ በ10 ሰከንድ ሊሻገራት ይገባል። ቶሎ ካለፈ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ጎማው ከወረደ ፈተናው እዚያው ያበቃል። ማለፊያው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በእግር እየዳሰሱ፣ ጉልበትን ወደ ነዳጅ ታንኩ አጥብቆ ዓይንን ከጎማው ሳይሆን ከድልድዩ መጨረሻ ላይ መትከል ነው። በአገሩ ለዓመታት የነዳ ሰው እዚህች ላይ የሚወድቀው ሞተር ሳይወድቅ ሚዛኑን የሚጠብቀው በፍጥነት ነው የሚለው ልማዱ ስለሚያሸንፈው ነው።

የአውሮፓው መመሪያ ከዝግታው ሌላ በሰዓት ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር እየተነዳ እንቅፋትን ዘወር ብሎ ማለፍንና በዚያው ፍጥነት ድንገተኛ ፍሬን መያዝን ይጠይቃል። ብሪታንያ እነዚህን በተዘጋ ሜዳ፣ የመንገዱን ፈተና ደግሞ በሌላ ክፍል ለይታ ትፈትናለች፤ ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረውን ግዴታ የሆነ መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ ያሻል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው በክፍለ ግዛት ደረጃ ሲሆን፣ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በተቋቋመው የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን ሥርዓተ ትምህርት የሠለጠነን ሰው ከተግባር ፈተናው ነፃ ያደርጉታል። ለባዕድ ሰው ከሁሉም የተሻለው በር ይህ ይመስላል፤ የሚማርበትን ሞተር እዚያው ያገኛል፣ የአገሩንም የመንገድ ልማድ አብሮ ይቀስማል።

የቋንቋው ጉዳይ ሰፊ ነው። ጀርመን የጽሑፍ ፈተናውን ከራሷ ቋንቋ ሌላ በአሥራ ሁለት የውጭ ቋንቋዎች ትሰጣለች፤ ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ወዲህ በእንግሊዝኛና በዌልሽ ብቻ። የጽሑፉ ግን ከመንገዱ ይሻላል። በመኪና ፈተና ፈታኙ ጎን ተቀምጦ በእጁ ሊጠቁም ይችላል፤ በሞተር ፈተና ከኋላ በመኪና ወይም በሌላ ሞተር እየተከተለ ትእዛዙን በሬዲዮ ሄልሜት ውስጥ ይልካል። ፊቱ አይታይም፣ እጁ አይታይም፣ ንፋሱ ቃሉን ግማሽ ይወስደዋል፤ «ከአደባባዩ በሦስተኛው መውጫ» የምትለዋ ሐረግም የምትመጣው ተፈታኙ ስፖኪዮ እያየ፣ ፍሬቻ እያበራ፣ ማርሽ እየቀነሰ ሳለ ነው። ስለዚህ ቋንቋው ገና ያልበሰለለት ሰው ከአሠልጣኙ ጋር ልምምዱን ከመጀመሪያው ቀን በሬዲዮ ቢያደርገውና ሃያ የማይሞሉትን የአቅጣጫ ሐረጎች በጆሮው ቢያስለምዳቸው ከብዙ ሰዓት ንባብ ይጠቅመዋል።

ኢንሹራንስ

ያለ ተገቢው ምድብ መንዳት የሚያስከትለው የገንዘብ ቅጣት ከኪሳራው ትንሹ ነው። የሕክምናና የጉዞ ዋስትና ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ነጂው በዚያ አገር ሕግ ለያዘው ሞተር የሚሠራ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ከሌለ ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ የሆስፒታሉ ሒሳብ ወደ ራሱ ሊዞር ይችላል።

ከተለወጠ በኋላ

በአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የመጣ ፈቃድ ሲለወጥ አሮጌው ይወሰዳል፤ ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ወደ አገሩ በየጊዜው እየተመላለሰ ለሚነዳ ሰው ይህ ከማመልከቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። በአዲሱ ካርድ ጀርባ ላይም 70 የሚል ቁጥር ከመጀመሪያው አገር መለያ ፊደል ጋር ይጻፋል፤ ፈቃዱ በልውውጥ የተገኘ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ባለቤቱ ኋላ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር መኖሪያውን ቢያዛውር ያ አገር ይህን ቁጥር አይቶ ፈቃዱን ያለ መቀበል መብት አለው፤ በፈተና የተገኘው ግን ይህ ቁጥር ስለሌለበት በሁሉም አባል አገሮች እንዳለ ያልፋል።