የእርሳስ ተራራ፦ የጦር ጨዋታ ወዳጆች ዓመት

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል የጦር ጨዋታ ወዳጆች ሂሳብ ይሠራሉ። ስንት ወታደር ቀባሁ? ስንት ገዛሁ? ስንት ጊዜ ተጫወትኩ? ስንት የታሪክ መጽሐፍ ጨረስኩ? የተገዛው ከተቀባው ይበልጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ተገዝቶ ሳይቀባ የተቀመጠውን ክምር «የእርሳስ ተራራ» ይሉታል። እርሳስ ሲሉ መጻፊያውን አይደለም፤ ትንንሾቹ ወታደሮች ለረጅም ዘመን ይሠሩበት የነበረውን ብረት ነው። አሁን ብዙው ፕላስቲክ ሆኗል። ስሙን ግን የለወጠው የለም።

የጦር ጨዋታ ማለት አንድን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ፣ በሕግ፣ እንደገና መዋጋት ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው በትንንሽ ምስሎች የሚካሄደው ነው። የተለመደው ምስል 28 ሚሊሜትር ገደማ ይቆማል፤ 15 እና 6 ሚሊሜትርም አለ። ኮረብታው ከፎም ይቆረጣል፣ ርቀቱ በመለኪያ ሜትር ይለካል፣ ተኩሱ መምታት አለመምታቱን ዳይስ ይወስናል። ሁለተኛው የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች አሉት። በላዩ ላይ የካርቶን ቁርጥራጮች ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዷ ቁራጭ አንድ ሻለቃ ወይም አንድ ክፍለ ጦር ልትሆን ትችላለች።

ሥሩ ከጀርመን መንግሥታት አንዷ የነበረችው ፕሩሲያ ነች። እ.ኤ.አ. በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ ለንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ የጦር ጨዋታ ጠረጴዛ አበረከተ። ያማረ ዕቃ ነበር፤ የቤተ መንግሥት መጫወቻ ሆነ። ነገሩን የጦር ትምህርት ያደረገው ግን የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ነው። በ1824 ባወጣው ሕግ የ1 ለ8,000 ካርታ ተጠቀመ። አንድ ዙር የሁለት ደቂቃ ውጊያ ነው። የፕሩሲያ ጦር ሰማያዊ፣ ጠላት ቀይ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ዳኛው ነው። ተጫዋቾቹ ትዕዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ እሱ የሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያስፈጽማል። ጠላትህ የት እንደደረሰ የምታውቀው ዳኛው ሲነግርህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛው አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ትዝ ይላል። ቼዝ ከመጀመሪያው ተራ በተራ ነው። ሰንጠረዥ ሲጀመር ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው መበላላት ሲመጣ ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። ጎበዝ ተጫዋች በወረራው ጊዜ ዓይኑ ከሌላው ሰው እጅ ላይ አይነሳም። ፕሩሲያዎቹ በዳኛ የፈቱትን ችግር ሰንጠረዥ ያለ ዳኛ ሞክሮታል።

ጨዋታው ከመኮንኖች እጅ ወጥቶ ወደ ቤት የገባው ቀስ እያለ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ለመጫወቻ ወታደሮች የሚሆን የሕግ መጽሐፍ አሳተመ፤ ተኩሱ በአሻንጉሊት መድፍ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ሮበርትስ በ1954 የካርታ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። እሱ የመሠረተው አቫሎን ሂል በ1958 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነቱን የጌቲስበርግ ውጊያ በሳጥን ሸጠ። በ1974 የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የምናብ ጀብዱ ጨዋታም ከዚሁ ቤት የተወለደ ልጅ ነው። የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ደግሞ ምናባዊ ጦር እየሸጠ በ2024 መጨረሻ ከለንደን አክሲዮን ገበያ 100 ግዙፍ ኩባንያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። የታሪክ ጨዋታ ሰዎች በዚህ ትንሽ ይቀናሉ።

ዓመቱ የራሱ ወቅቶች አሉት። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የቀለም ጊዜ ነው። እኛ በጋ ላይ ስንሆን እነሱ ጋ ብርዱ አያስወጣም፤ ስለዚህ መብራት ሥር ተቀምጠው ብሩሽ ያነሳሉ። ሚያዝያ ላይ ለንደን ውስጥ ሳሉት የተባለው ትልቅ ትርዒት ይካሄዳል። ያዘጋጀው የደቡብ ለንደን ክበብ ከ1972 ጀምሮ ይዞታል። ሰኔና ሐምሌ የመታሰቢያ ወራት ናቸው፦ ኖርማንዲ፣ ዋተርሉ፣ ጌቲስበርግ። የዘመኑን ልብስ ለብሰው ሜዳ የሚወጡም አሉ። በፔንሲልቫኒያዋ ላንካስተር ከተማ በበጋቸው ሂስቶሪኮን የተባለው ጉባኤ ለቀናት ይቆያል። አዳራሹ በሙሉ ጠረጴዛ ነው፤ ቲኬትህን ይዘህ ከናፖሊዮን ወደ ሮም ትዞራለህ።

የዓድዋን ውጊያ በጠረጴዛ ማውጣት የሚያምራቸውም አሉ። እሱ ግን ቀላል አይደለም። ቁጥሩን እንየው። የምኒልክ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል፤ የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲዬሪ ከ17,000 ይበልጣል። አንድ ምስል 50 ሰው ይወክል ብንል እንኳ ለኢትዮጵያ ወገን 2,000 ምስል መቀባት ሊኖርብህ ነው። ለጣልያን ከ340 የሚበልጥ ይበቃል። ሸማውንም ነጭ ልብሱንም ጎፈሩንም አስበው!

ከቁጥሩ የሚብሰው ሌላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የጣልያን ብርጌዶች በጨለማ ተለያዩ። የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታው ላይ በነበረው የስም ስህተት ከታሰበለት ኮረብታ አልፎ ሄደና ብቻውን ቀረ። አንተ ግን ጠረጴዛው አጠገብ ቆመህ ሁሉንም ከላይ ታያለህ። ያን ስህተት እንዴት ትሠራለህ? ጥሩ ቡድን እዚህ ጋ ወደ ፕሩሲያው ዘዴ ይመለሳል፦ ዳኛ ይሾማል፣ ለጣልያኑ ተጫዋች ያንኑ የተሳሳተ ካርታ ይሰጠዋል፣ እውነተኛውን ሜዳ ይደብቅበታል። በግሌ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አላውቅም።

መደበቁን እስከ ጥግ የወሰዱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊቨርፑል ውስጥ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ጡረታ ወጥቶ የነበረው ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስ በ1942 አንድ ክፍል ተሰጠው። የክፍሉ ወለል ውቅያኖስ ሆነ። የአጃቢ መርከብ መኮንኖች ከሸራ ጀርባ ቆመው በቀዳዳ ብቻ ያያሉ። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ መንገድ ከቀዳዳው በማይታይ ቀለም በጠመኔ ይሠመራል። ጨዋታውን የሚያካሂዱት በአብዛኛው ገና ወጣት የሆኑ የባሕር ኃይል ሴቶች ነበሩ። ወደ 5,000 የሚጠጉ መኮንኖች እዚያ ተምረዋል። በአንደኛው ጦርነት የሰርጓጅ አዛዥ የነበሩት አድሚራል ማክስ ሆርተን መጥተው ሰርጓጁን ሲመሩ፣ ጃኔት ኦኬል የተባለች ወጣት አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋቸዋለች ይባላል። አድሚራሉ ብዙም ደስ አላላቸውም።

ጥቅምት ላይ ጀርመን ኤሰን ከተማ የጨዋታ ትርዒቱ ይከፈታል። ከ1983 ጀምሮ የነበረ ነው። የጦር ጨዋታ እዚያ ትንሽ ጥግ ብቻ ይዟል፤ ሆኖም አዳዲስ ሳጥኖች ይወጣሉ፣ ሰውም ይገዛል። ተራራው ያድጋል። ከዚያ ታኅሣሥ ይመጣና ሂሳቡ ይደርሳል። ባለ 6 ሚሊሜትሮቹን በአንድ ምሽት መቶ ቀብቶ ቁጥሩን የሚያስተካክል ሰውም አይጠፋም።