«ነቢይ በአገሩ አይከበርም» ሲባል
በልጅነቴ ስመ ጥር ሰባኪ መጣ በተባለ ቀን ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ መቆሚያ ቦታ እንኳ አልነበረም። እኔም ከእናቴ ጋር ተሳፍሬ ሄጃለሁ። የደብራችንን ቅጥር ስናልፍ የኔታ ባናቸውን ተከናንበው፣ ጥዱ ሥር ደበሎ ለባሽ ተማሪዎቻቸውን ዳዊት ያስደግሙ ነበር። ዞር ብሎ ያያቸው የለም። አያቴ ሲሸኙን «ነቢይ በአገሩ አይከበርም» ብለው ነበር።

ቃሉ የወንጌል ነው። ክርስቶስ በገዛ አገሩ ምኩራብ ሲያስተምር ሰዎቹ በጥበቡ ተደነቁ፤ ወዲያው ግን «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ብለው ተሰናከሉበት። እናቱን ያውቃሉ፣ ዘመዶቹን ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ዐይናቸውን ጋረደው። ነቢይ ከገዛ አገሩና ከቤቱ በቀር ሳይከበር እንደማይቀር የነገራቸው ያን ጊዜ ነው (ማቴዎስ 13፥57)። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለውም የዚህ ዘመድ ነው።

ተረቱ ግን ያልተከበረ ሁሉ ነቢይ ነው አይልም። አለመታወቁን የቅድስናው ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ባሕታዊ ነኝ ባይ ሲገጥመኝ እቆጣለሁ፤ ይህን ቃል ሌላ ሰው ይለዋል እንጂ ከክርስቶስ በቀር ማንም ስለ ራሱ ሊናገረው አይገባም።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በዚሁ በሸዋ፣ በቡልጋ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥር፣ ኋላም በደብረ ዳሞ ኖረው ሲመለሱ ደብረ አስቦ ላይ በዋሻ ተቀመጡ። ቦታው ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ነው። ዛሬ ሕዝብ የሚጎርፍበት ስም ገና አልነበረም፤ ጻድቁ ግን ያው ነበሩ።

የአብነት ትምህርት ቤት ሰዎች መምህርን ሲመዝኑ ስንት ሰው ተከተለው አይሉም። ከማን ተማረ? የት ተፈትኖ አስመሰከረ? ይላሉ፤ የዜማው መጽሐፍ ድጓ ከሆነ ጋይንት ወዳለው ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር የቆየ ደንብ ነው። ኑሮውን ደግሞ አብረውት የከረሙ ተማሪዎቹ ያውቁታል።

የደብረ ብርሃኑ ሰባኪ መልካም ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከሩቅ፣ በአንድ ከሰዓት፣ በድምፅ ማጉያ ሰምቶ መመስከር ግን አይቻልም። ማታ ስንመለስ የኔታ አሁንም ጥዱ ሥር ነበሩ፤ አንዱን ልጅ «ቃሉ ተነሽ ንባብ ነው፤ ለምን ድምፁን ጣልኸው? ድገመው» ይሉታል።