«ቀለል ብታደርጊው ሩቅ ይሄዳል»፦ ስለ ወረቀት ሮኬት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ዓመት አንድ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ የወረቀት ሮኬቷን ይዛ ቀረበች። አፍንጫው ውስጥ ባቄላ የምታህል ጭቃ ደብቃበታለች። ከዳኞቹ አንዱ ሮኬቱን በመዳፉ መዘን መዘን አደረገና «ይሄ ጭቃ ምን ይሠራል? ቀለል ብታደርጊው እኮ ሩቅ ይሄዳል» አላት። ልጅ ናት፤ ዳኛ ያላትን አደረገች። ጭቃውን በእስክርቢቶ ጎልጉላ አወጣችው። ሮኬቱ ከቱቦው እንደ ወጣ ሁለት ጊዜ ተገለባበጠና እንደ ደረቅ ቅጠል እየተወዛወዘ ዐሥር እርምጃ ሳይሞላ ወደቀ። ያው ሮኬት ጠዋት ከነጭቃው የሜዳውን አጋማሽ መስመር ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሳይንስ ክበብ ከያዝኩ 9 ዓመቴ ነው። ይህን «ቀለል አድርጉት» የሚል ምክር ከወላጅም ከመምህርም ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። ዛሬ የዚህን ምክር ስሕተት ለመንገር ነው የተነሣሁት፤ ሌሎቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች እግረ መንገዴን አነሣቸዋለሁ።

መጀመሪያ የምናስወነጭፍበትን ልንገራችሁ። ባዶ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ። ሦስቱ በፕላስተር ጥብቅ ብለው ይያያዛሉ፤ ቱቦው ወደ ሰማይ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ ከወረቀት የተጠቀለለው ሮኬት እንደ ቆብ ይጠለቅበታል። ልጁ ጠርሙሱ ላይ በሁለት እግሩ ይዘላል፤ አየሩ ሮኬቱን ይዞት ይወጣል።

«ወረቀት ይህን አይችልም።» ይችላል። በተዘረጋበት የሚታጠፍ ወረቀት ተጠቅልሎ በኮላ ከተያዘ እንደ ሸንበቆ ይጠነክራል።

«አፍንጫው እንደ መርፌ መሾል አለበት።» የለበትም። ሹል አፍንጫ የሚጠቅመው ከድምፅ በላይ ለሚፈጥን ነገር ነው፤ የእኛ ሮኬት እዚያ አይጠጋም። ድቡልቡል አድርጉት፤ የሰው ዓይንም ይተርፋል።

«ክንፉ ነው ወደ ላይ የሚያነሣው።» ልጆች አውሮፕላን እያሰቡ ክንፉን መሐል ላይ ይለጥፉታል። የሮኬት ክንፍ ምንም አያነሣም። ሥራው ጭራውን ከኋላ መያዝ ነው፤ ቦታውም መጨረሻው ላይ ነው። ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ ቀጥ ብለው ይለጠፉ።

«ሮኬት በቀለለ ቁጥር ሩቅ ይሄዳል።» ይኸውላችሁ ያ ነገር። አውድማ ያየ ሰው ይህን ሊል ባልተገባው ነበር። እህሉን በመንሽ ወደ ላይ ስትሰዱት ገለባውም ፍሬውም እኩል ፍጥነት ይዘው ይነሣሉ። ገለባው ወዲያው ጉልበቱ ያልቅና ነፋስ ይወስደዋል፤ ፍሬው ግን መንገዱን ይጨርሳል። አየር የሚገታችሁ በቅርጻችሁና በስፋታችሁ ልክ ነው፤ ክብደታችሁን አይጠይቅም። በመጠንና በቅርጽ አንድ የሆኑ ሁለት ሮኬቶች፣ አንዱ 5 ግራም፣ ሌላው 10 ግራም ሆነው በእኩል ፍጥነት ቢሄዱ አየሩ ሁለቱንም እኩል ይገታቸዋል፤ ባለ 5 ግራሙ ግን ፍጥነቱን የሚያጣው እጥፍ ቶሎ ነው። አንድ ሙሉ የተለመደ ኤፎር ወረቀት 5 ግራም ነው የሚመዝነው። ከዚያ ቀንሳችሁ ምን ሊተርፋችሁ ነው?

እርግጥ ነው፣ ቀላሉ ሮኬት ከቱቦው ሲወጣ ይፈጥናል። በጣም የከበደውም ከመነሻው ፍጥነት ስለማያገኝ እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ትክክለኛው ክብደት መሐል ላይ ነው ያለው፤ በወሬም አይገኝም። ተማሪዎቼ የሚያገኙት እንዲህ ነው፦ ያለ ጭቃ ሦስት ጊዜ ያስወነጭፋሉ፤ ሽምብራ የምታህል ጨምረው ሦስት ጊዜ፤ ባቄላ የምታህል ጨምረው ሦስት ጊዜ፤ እርምጃውን በደብተር ይጽፋሉ። ርቀቱ መጨመሩን ትቶ መቀነስ ሲጀምር ያቆማሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ዳኛም አያስፈልግም።

ክብደቱ ስንት ነው ከሚለው በላይ ደግሞ የት ነው የሚለው ይበልጣል። የሚወረወር ጦር ከባዱ ብረት ከፊት ነው። ሮኬት የሚዞረው በክብደቱ ማዕከል ዙሪያ ነው፤ ነፋሱ የሚገፋው ደግሞ በስፋቱ ማዕከል ላይ ነው። የክብደቱ ማዕከል ከፊት ከሆነ፣ አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ሲል ነፋሱ ጭራውን ገፍቶ ያቃናዋል። ከኋላ ከሆነ ግን ያው ነፋስ ይገለብጠዋል። የተማሪዬን ሮኬት ያገላበጠው ይህ ነው። ጭቃው የሮኬቱ መሪ ነበር፤ ዳኛው መሪውን አስነቀላት።

ይህን ሳታስወነጭፉ ቤት ውስጥ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሮኬቱን ጣታችሁ ላይ አጋድማችሁ ሚዛን የጠበቀበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የሮኬቱን ቅርጽ ከነክንፉ ካርቶን ላይ ሣሉና ቆርጣችሁ ካርቶኑንም እንዲሁ ጣታችሁ ላይ አቁሙት። የሮኬቱ ምልክት ከካርቶኑ ምልክት ቢያንስ በአንድ የቱቦ ውፍረት ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ካልቀደመ ጭቃ ጨምሩ። ካርቶን ካልወደዳችሁ የሮኬቱ ምልክት ላይ ሁለት ክንድ ክር እሰሩና እንደ ወንጭፍ ከራሳችሁ በላይ አዙሩት፤ አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ይበራል። በጭራው ወይም በጎኑ ከዞረ አይበርም፤ ባታደክሙት ይሻላል።

ሌላም አለ። «ቀላል ነው ግን አይሄድም» ተብሎ ከሚመጣልኝ ሮኬት ብዙው ችግሩ አፍንጫው መተንፈሱ ነው። የሮኬቱን የኋላ አፍ በከንፈራችሁ ገጥማችሁ ንፉና ሌላ ሰው ጉንጩን አፍንጫው አጠገብ ያድርግ። ቆዳው ላይ ቀዝቃዛ አየር ከተሰማው ፕላስተር ጨምሩ። ወረቀቱን ስትጠቀልሉም ቱቦው ላይ መጀመሪያ አንድ ዙር ሌላ ወረቀት አልብሱት፤ ሮኬቱ ሲያልቅ የውስጡን ሳቡት። እንዲህ ሲሆን ሳይጣበቅም ሳይላላም ይጠልቃል።

«ሮኬት የሚነሣው መሬቱን ወይም ከኋላው ያለውን አየር ገፍቶ ነው።» ይህን ስሕተት የተማሩ ሰዎችም ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1920 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ አሜሪካዊው የሮኬት ተመራማሪ ሮበርት ጎዳርድ ሮኬት አየር በሌለበትም ይሠራል በማለቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ዕውቀት የማያውቅ አድርጎ ጻፈበት። ጎዳርድ በመጋቢት 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት አውበርን፣ ማሳቹሴትስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አስወነጨፈ፤ በረራው 2.5 ሰከንድ፣ ከፍታው 12.5 ሜትር ያህል ነበር። ጋዜጣው እርማት ያወጣው ሰው ጨረቃ ላይ ያደረሰው አፖሎ 11 በተነሣ ማግስት፣ ሐምሌ 17 ቀን 1969 ነው። ሮኬት የሚገፋው የራሱን ጋዝ ነው፤ ጋዙ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሮኬቱ ወደ ፊት።

እዚህ ላይ መምህራን ባልደረቦቼን አንድ ነገር ልለምን። በጠርሙስ የምናስወነጭፈውን እያሳያችሁ «ሮኬት እንዲህ ነው የሚሠራው» አትበሉ። የእኛ የወረቀት ሮኬት የሚገፋ ነገር ተሸክሞ አይሄድም፤ ቱቦውን ከለቀቀ በኋላ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነው። ስለ አየር ተቃውሞ፣ ስለ ሚዛንና ስለ ክንፍ ብዙ ያስተምራል። ስለ ሞተር ግን አያስተምርም፤ ልጁ የተሳሳተውን ይዞ እንዳያድግ።

«እውነተኛ ከተፈለገ የክብሪት ራስ ቱቦ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው።» በፍጹም፣ በፍጹም አታድርጉት። ይህ ሮኬት አይደለም፣ ቦምብ ነው። አንድ የሠፈራችን ልጅ ሁለት ጣቱን ያጣው በዚህ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ብረት ነበር። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወጣቶች እቤታቸው በቀመሙት ነዳጅ ይጎዱ ነበር። የሞዴል ሮኬት ጨዋታ የተጀመረው ይህን ለማስቀረት ነው። ኦርቪል ካርላይል የሚባል የኔብራስካ ጫማ ነጋዴ ከወረቀት የተሠራ፣ ሞተሩ ተጠቅሞ የሚጣል ሮኬት ሠራ፤ በዚያው ዘመን መጨረሻ ቨርነን ኤስተስ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ሞተሩን በማሽን ማምረት ጀመረ። የሞተሩ ቀፎ ራሱ ወፍራም ወረቀት፣ የጋዝ መውጫው ሸክላ ነው፤ ብረት የለበትም፣ ቢፈነዳ ስብርባሪው ሰው እንዳይወጋ። ባሩዱን በፋብሪካ የሚመዝን ሰው አለ፣ ጓዳ ውስጥ የሚመዝን ግን የለም። እንዲህ ያለ ሞተር ካላገኛችሁ በአየር ተጫወቱ፤ አየርም ቢሆን ቱቦው አፍ ላይ ፊቱን የሚያደርስ ልጅ እንዳይኖር ጠብቁ።

«ነፋስ ወደሚነፍስበት ይወስደዋል።» ሲወጣ ተቃራኒው ነው፤ ነፋሱ ጭራውን ስለሚገፋ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ክንፉ በተንሰራፋ ቁጥር ይብሳል። «ትልቅ ክንፍ ይሻላል» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው።

«ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አይነሣም።» አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ይህ የአየሩን ተቃውሞ ይቀንሳል እንጂ ሮኬቱን አያስቀርም።

«ቱቦውን ከመሬት 45 ዲግሪ ማንሣት ሩቅ ይወስዳል።» አየር በሌለበት አዎ። አየር ውስጥ ለሚሄድ ወረቀት ግን የሚሻለው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ) ቱቦው ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ከመሐሉ ጠጠር የታሰረበት ክር አንጠልጥሉ፤ ከ45 ጀምራችሁ ቱቦውን በየ3 ዲግሪው ወደ መሬት ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ እርምጃውንም ጻፉ።