ዱምስክሮሊንግ ምንድን ነው?

ዱምስክሮሊንግ ማለት መጥፎ ዜና እየረበሸን፣ እንቅልፍ እየነሳን፣ ግን ማቆም አቅቶን ስልክ ላይ ወደ ታች ስክሮል እያደረግን ማምሸት፣ አንዳንዴም ማደር ነው። አንዱን ሰበር ዜና ታያለህ፣ ከዛ ኮመንቱን፣ ከዛ ሌላ ቻናል ላይ ያንኑ ወሬ በሌላ ፎቶ። ስሙ በደንብ የታወቀው በኮሮና ጊዜ በ2020 እኤአ ነው።

ብዙ ሰው ሱስ ነው፣ ስራ መፍታት ነው ይላል፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሰው የሚያየው ክፉ ወሬ ወዶ ሳይሆን ስለጨነቀው ነው፣ ቀጣዩ ፖስት ላይ ልቤን የሚያሳርፍ ነገር አገኛለሁ ብሎ ነው፣ ችግሩ ፊዱ (ስልኩ ላይ የሚደረደረው ፖስት) አያልቅም። የማታው የ2 ሰዓት ዜና እኮ ያልቅ ነበር፣ ቲቪው ይጠፋል ሰው ይተኛል። ይሄን መጨረሻ የሌለው ስክሮል በ2006 እኤአ የሰራው አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ነው፣ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቻለሁ ብሏል።

እኛ ጋ በደንብ የታየው ትግራይ ውስጥ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ሲቆረጥ ነው፣ ኋላም አማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ያለ ሰው የእናቱን ድምፅ መስማት ካልቻለ ፌስቡክ ላይ የሰፈሩን ስም ሲፈልግ፣ ቪዲዮ እያቆመ የሰው ፊት ሲያይ ቢያድር ምን ይፈረድበታል?

ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሌሊሳ ዴሲሳ ያሸነፈበት የ2013 እኤአ የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ፈንድቶ ነበር፣ ከዛ ተመራማሪዎች ሰዉን ሲጠይቁ በቀጣዩ ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዛ በላይ ስለ ፍንዳታው ሲከታተሉ የከረሙት፣ እዛው ቦታ ከነበሩት ሰዎች የባሰ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። እቤቱ ተቀምጦ ማለት ነው! ስለዚህ ምን ሆንክ አንተ እዛ አልነበርክ የሚለው ነገር አይሰራም።

ቤተሰቡ እሳት ውስጥ ላለ ሰው ስልክህን ዝጋ ማለትም ጭካኔ ነው። የሚሻለው ከዘመድ መሀል አንድ ሰው ወሬውን ይከታተልና አዲስ ነገር ሲኖር ለሌላው ይደውል፣ በየተራም ይሁን። የሰበር ቻናሎቹን ኖቲፊኬሽን ማጥፋት፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት ማድረግ፣ ማታ ስልኩን ከነቻርጀሩ ሳሎን መተው (የሚጠበቅ ጥሪ ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሲደወል ይሰማል)። እንቅልፉ ወይ ምግቡ ለሳምንታት ከተዛባ ግን ሀኪም ማየት ነው፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ እዛ ለመሄድ ደግሞ እስኪብስ መጠበቅ የለባችሁም።